«ታሪክ ተምራ ምን ልትሆን ነው?»

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከአባላት አንዷ ያቀረቡት ንግግር)



የተሰጠኝ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው። ሰብሳቢያችን በሰዓት ጉዳይ ቀልድ እንደማያውቁ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

የትምህርት ድጋፍ ኮሚቴያችን ከሦስት ዓመት በፊት ያወጣው መመሪያ ድጋፉ የሚሰጠው «ቶሎ ሥራ የሚያስገኝ ሙያ» ለሚያጠኑ ልጆች ነው ይላል። የትኛው ሙያ እንደሆነም ዘርዝሯል፦ ጤና፣ ሂሳብ አያያዝ፣ ኮምፒውተር፣ ምህንድስና። ዘንድሮ የአንዲት አባላችን ልጅ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ የትምህርት ክፍል ስትመርጥ ታሪክን አንደኛ አድርጋ ሞላች። ደረሳትም። ኮሚቴው «ወደ አካውንቲንግ ከቀየረች ድጋፉ ይቀጥላል፤ ካልቀየረች ግን መመሪያው አይፈቅድም» አለ። ልጅቷ አልቀየረችም። የኪስ ገንዘቧ፣ የትራንስፖርቷና የኮፒ ብሯ ከጥር ጀምሮ ቆሟል። እናትየው ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ እንድጠራም አልፈቀዱልኝም። ጉዳዩ ግን አጀንዳ ሆኖ የቀረበው በእሳቸው ልጅ ምክንያት መሆኑ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። ስለ ትምህርት በጥቅሉ ስናወራ ሁላችንም እንስማማለን፤ ነገሩ የሚከብደው አንዲት ልጅ ፊታችን ስትቆም ነው።

በመጀመሪያ ስለ ኮሚቴው ልናገር። ይህን መመሪያ ያወጡት እህቶች ክፉ አስበው አይደለም። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ የሚጠይቀው ብዙ ነው። ዲግሪ ይዘው ኮብልስቶን ሲያነጥፉ የነበሩ ልጆችን ሁላችንም አይተናል። አንዲት እናት እንጀራ ጋግራ፣ ጉሊት ተቀምጣ ያስተማረቻት ልጅ ተመርቃ ቤት ስትቀመጥ የሚሰማውን ሐዘን ይህ ማኅበር በቅርብ ያውቀዋል። «ታሪክ ተምራ ምን ልትሆን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ሐዘን የወጣ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በንቀት አልመልሰውም። እኔ ራሴ ስድስት ኪሎ ታሪክ አጥንቼ ስመለስ አጎቴ ይህንኑ ጠይቀውኝ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልፎ አልፎ ይጠይቁኛል።

አሁን ስለምናወራው ትምህርት ምንነት ትንሽ ላብራራ። በውጭ አገር «ሊበራል አርትስ» ይሉታል። እኛ ዘንድ የተረጋጋ ስም የለውም፤ አንዳንዱ የሥነ ሰብ ትምህርት ይለዋል፣ አንዳንዱ ጠቅላላ ዕውቀት ይለዋል። ቃሉ ከጥንት ሮማውያን የመጣ ሲሆን ለነፃ ሰው የሚገባ ትምህርት ማለት ነው። በዚያ አስተሳሰብ ለባሪያ የሚገባው ሥራውን መማር ብቻ ነበር። ነፃው ሰው ግን በሸንጎ ቆሞ መናገር፣ መፍረድ፣ መምረጥ ስላለበት ሰዋስው፣ አመክንዮና ንግግር፣ ከዚያም ቁጥር፣ ጂኦሜትሪ፣ ዜማና የከዋክብት ዕውቀት ይማር ነበር። ነፃው ሰው ሲሉ ሀብታም ወንድ ማለታቸው እንደነበር አይጠፋኝም። ሴትን አላሰቡም። ነገር ግን ክፍፍሉን ልብ በሉልኝ፤ ለአንዱ ሥራ ብቻ፣ ለሌላው ሥራና ማሰብ። እኛ ዛሬ መመሪያ ስናወጣ ልጆቻችንን በየትኛው ወገን እያሰለፍናቸው ነው?

ይህ ነገር ከፈረንጅ የመጣ እንዳይመስለን። አገራችን ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ነበር። የቤተ ክህነቱን ትምህርት አስቡ። ተማሪው ከንባብ ቤት ይጀምራል፣ ወደ ዜማ ቤት ይሄዳል፣ ቅኔ ቤት ይገባል፣ ከዚያም መጻሕፍትን ከነትርጓሜያቸው ይማራል። ባሕረ ሐሳብ የሚማረው ደግሞ በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን ያሰላል፤ ይህ ሒሳብም ነው፣ የፀሐይና የጨረቃ ዕውቀትም ነው። ሰዋስውም፣ ዜማም፣ ቁጥርም እዚያው አለ። አውሮፓውያኑ ከደረደሩት ዝርዝር ጋር ስታስተያዩት ምን ያህል እንደሚቀራረብ ይገርማችኋል።

ከሁሉም ቅኔ ቤቱ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከየቤቱ ቁራሽ ለምኖ እየበላ የሚማረው ምንድን ነው? የግዕዝን ግስ ያጠናል፣ አረባቡን ይማራል፣ ከዚያ በሁለት ቤት ከምታልቀው ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል። ትናንት የቆጠረው ዛሬ አያገለግለውም። ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርሙታል፣ ነገ እንደገና። ሰምና ወርቅ የሚባለው እዚህ ጋ ነው፤ አንድን ነገር ሲሰማ «ከዚህ በታች ሌላ ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ባሕርዩ ይሆናል። ቅኔ ያወቀ ሰው ለአንድ ሙያ ብቻ አይደለም የተዘጋጀው። ሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ውስጥ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው፤ ኋላ ዘመናዊውን ትምህርት ጨምረው ዲፕሎማት ሆኑ፣ ሚኒስትር ሆኑ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም ጻፉልን። ቅኔ ቤት ሲገቡ ማንም «አምባሳደር ሊሆን ነው» ብሎ አልላካቸውም።

በዚያ ቤት ሴት አልነበረችም ትሉኛላችሁ። አዎ፣ በሩ ለእኛ የተከፈተ አልነበረም። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ግን ነበሩ። ዓይነ ሥውር ሆነው፣ ሴት ሆነው፣ በጎጃም ወንዶችን ቅኔ ያስተማሩ መምህርት። ስለ ሴት ልጅ ትምህርት በተነሳ ቁጥር እሳቸውን አስባለሁ። በዘመኑ ሚዛን ቢሆን ማንም ቁራሽ እንጀራ አያወጣባቸውም ነበር፤ ዓይን የላቸው፣ ቅስና አይሾሙ፣ «ቶሎ ሥራ የሚያስገኝ» አይደለ።

ወደ ዘመናዊው ትምህርት ስንመጣ የሰንዱ ገብሩን ስም ሳላነሳ አላልፍም። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው የተማሩ፣ ጣሊያን በወረረን ጊዜ ከአርበኞች ጋር የተሰለፉ፣ ተማርከውም ጣሊያን አገር አዚናራ የታሰሩ ሴት ናቸው። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መሩ፣ ግጥምና ቴአትር ጻፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ደግሞ በምርጫ ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ፤ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። መምህርት፣ አርበኛ፣ ደራሲ፣ የሕዝብ እንደራሴ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ የሚሆነው በአንድ ሙያ ሥልጠና አይደለም።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በ1943 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት የጀመረው በሥነ ጥበባትና በሳይንስ ነው። ኢንጂነር ከመሆንም፣ ሕግ ከማጥናትም በፊት ማንበብ፣ መጻፍና መከራከር እንደሚቀድም ታስቦ ነበር። ለረጅም ጊዜ ማንኛውም ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ «ፍሬሽማን» የሚባለውን ዓመት ያልፍ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ያ ዓመት ቀረ፤ የመሰናዶ ትምህርት መጣ፣ አብዛኛው ዲግሪም ሦስት ዓመት ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ሰባ ሠላሳ የሚባለው ፖሊሲ መጣ። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚገቡት ውስጥ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ተወሰነ። አገር ፋብሪካ ልትገነባ ነው፣ ኢንጂነር ያስፈልጋታል ተባለ። እውነት ነው፣ ያስፈልጋታል። ግን እንጠያየቅ፤ ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሥራ ፍለጋ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚውል ልጅ በየሰፈራችን የለም ወይ? ሥራ የሚያስገኘው የትምህርት ክፍሉ ስም ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ልጆች ሁሉ ዛሬ በሥራ ላይ ነበሩ።

ከዚያ ምን ሆነ? በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ። አሁን ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ፣ ሐኪምም ሊሆን ኢንጂነር፣ በመጀመሪያው ዓመት ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ይማራል፣ ሳይኮሎጂ ይማራል፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን ታሪክ ይማራል፣ አንትሮፖሎጂ ይማራል። አገሪቱ ጥላው የነበረውን አንድ ዓመት መልሳ አመጣችው ማለት ነው። መንግሥት እንኳን ሐሳቡን ከለወጠ የእኛ መመሪያ በሰባ ሠላሳው ዘመን መቅረቱ ለምንድን ነው?

ልጅቷ ታሪክን የመረጠችውም በዚያው ዓመት ነው። የታሪክ ኮርሱን ስትማር ወደደችው። በመመሪያችን ያልተደሰትኩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲው አንድ ዓመት ሙሉ ሁሉንም ቅመሺና ምረጪ ይላታል፤ እኛ ደግሞ ቅመሺ፣ ግን ይህን አትምረጪ እንላታለን።

ይቺ ልጅ እዚያ ለመድረስ ያለፈችበትንም አስቡ። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ሦስት ተኩል እንኳ አልሞሉም። በ2015ም ያው ነበር። ከዚያ ወዲህም የሚያልፈው ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዷ ከእኛ ቤት፣ ከአንዲት ጠላ ጠምቃ ካሳደገች እናት ወጥታ አልፋለች። ካለፈች በኋላ በገንዘብ እጦት እንድትመለስ የምናደርገው እኛ ልንሆን ነው? ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር፤ ስናገረውም ይከብደኛል።

አሁን ከአገራችን ትንሽ ወጣ ልበልና ለእኛ ለመሰሉ ማኅበራት ትርጉም ያላትን አንዲት ሴት ላንሳ። ዋንጋሪ ማታይን ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ዛፍ በመትከል ነው። ከኬንያ ገጠር የወጡ ልጅ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ አሜሪካ የመማር ዕድል አገኙ። የገቡት ካንሳስ ውስጥ ባለ አነስተኛ የሴቶች ኮሌጅ ነው። ትልቅ ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ዋና ትምህርታቸው ባዮሎጂ ነበር፤ ከጎኑ ኬሚስትሪና ጀርመንኛ ያዙ። «ጀርመንኛ ለኬንያ ገጠር ምን ያደርጋል?» የሚል ኮሚቴ ቢኖር ኖሮ ያስቀረው ነበር። ጀርመንኛው ግን ኋላ ለጥናት ወደ ጀርመን ሲሄዱ አገልግሏቸዋል። ተመልሰው በእንስሳት አካል ጥናት ዶክተር ሆኑ፣ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

እኔ የማደንቃቸው ግን በዲግሪያቸው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶን ንቅናቄ ሲጀምሩ የገጠር ሴቶች ማገዶ ጠፋን፣ ውኃ ራቀን፣ ልጆቻችን የሚበሉት አጣን እያሉ ነበር። አንድ የእንስሳት አካል ምሁር «ይህ የእኔ ዘርፍ አይደለም» ማለት ይችላል። እሳቸው ግን የማገዶውን፣ የውኃውን፣ የአፈሩንና የአስተዳደሩን ነገር አንድ ላይ አዩት። ሴቶቹ ችግኝ ያፈላሉ፣ ለበቀለው ችግኝ ጥቂት ገንዘብ ያገኛሉ። ከችግኙ ጎን ለጎን ደግሞ ትምህርት ነበር። ሴቶቹ ተሰብስበው ችግራቸውን ይዘረዝራሉ፣ ከዚያ «ይህ ከየት መጣ?» ተብለው ይጠየቃሉ። መጀመሪያ ሁሉንም ጥፋት መንግሥት ላይ ይጥሉታል፤ ቀስ እያሉ ራሳቸው ምን እንዳደረጉና ምን ማድረግ እንደሚችሉ ያያሉ። ከሠላሳ ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተተከለ፤ እ.ኤ.አ. በ2004ም የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። ለአፍሪካ ሴት የመጀመሪያው ነው። እኛም ማኅበር ነን፤ ችግኝም አፍልተናል፣ ሳሙናም ሠርተናል። «ይህ ከየት መጣ?» የሚለውን ጥያቄ የምትጠይቀን ልጅ ግን ከየት እናገኛለን? ከአካውንቲንግም ልትመጣ ትችላለች፤ አልክድም። ከታሪክ ክፍል ደግሞ የመምጣቷ ዕድል ሰፊ ነው፤ የትምህርቱ ዋና ጥያቄ እሱ ነውና።

ከጋና ደግሞ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ፓትሪክ አዉዋ የሚባል ጋናዊ አሜሪካ ስዋርትሞር በሚባል የሊበራል አርትስ ኮሌጅ ተምሮ ማይክሮሶፍት ውስጥ ይሠራ ነበር። ደመወዙን ጥሎ አገሩ ገባና እ.ኤ.አ. በ2002 አሼሲ የሚባል ዩኒቨርሲቲ በኪራይ ቤት ውስጥ በ30 ተማሪዎች ከፈተ። የኮምፒውተር ሰው ነው፤ የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ብቻ ከፍቶ መቀመጥ ይችል ነበር። እሱ ግን ኮምፒውተር የሚማረውም፣ ንግድ የሚማረውም፣ ኋላም ምህንድስና የሚማረው መጻፍ፣ መከራከር፣ ስለ አፍሪካ ማኅበረሰብና ስለ መልካም አመራር ማሰብ አለበት አለ። ተማሪዎቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ያለ ፈታኝ እስከ መፈተን ደርሰዋል። ፈታኝ የሌለበት ክፍል! ደጋፊዎቻችን ይህን ምሳሌ ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። የቴክኖሎጂን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው ቴክኖሎጂ ብቻውን አይበቃም ብሏልና።

እነዚህ ትላልቅ ሰዎች ናቸው ትሉ ይሆናል። እንግዲህ ወደ እኔ ትንሽ ሥራ ልምጣ። ታሪክ ተምሬ ላለፉት ሃያ ሁለት ዓመታት የሠራሁት በቁጠባና ብድር ነው። ማንም ብድር ኮሚቴ ላይ «የአድዋ ጦርነት መቼ ነበር» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ነገር ግን ታሪክ ክፍል ውስጥ መምህሮቻችን አንድ ወረቀት በሰጡን ቁጥር ይህን የጻፈው ማን ነው፣ መቼ ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ምን ሳይናገር ቀረ እያሉ ሲያስጨንቁን ኖረዋል። እኔ ደመወዜን የምበላው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። የብድር ማመልከቻ ይመጣል፤ አንዱ ሰነድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፏል፤ ሁለቱን አስማምቶ ያየ የለም። ቀኑን ስታስሊው ቤቱ የተሸጠው ባለቤቱ ከመግዛታቸው በፊት ሆኖ ይገኛል። ሂሳብ ያጠኑት ባልደረቦቼ ቁጥሩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ወረቀቱን መጠራጠር ግን እኔ ነኝ የማስተምራቸው፤ እነሱ ደግሞ ወለድ ማስላት ያስተምሩኛል።

ካቻምና በርበሬና ሽሮ የሚያዘጋጁ የማኅበራችን እህቶች ከአንድ ድርጅት ጋር ውል ሊፈርሙ ነበር። ደስታው ትልቅ ነበር፤ ውሉም ቆንጆ ማኅተም አለበት። ክፍያው «በ30 ቀን ውስጥ» ይላል። ሁሉም እሰየው አለ። ከመካከላችን አንዲት እህት፣ አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች፣ ነገር ግን በቅዳሜው የንባብ ክበባችን ሁለት ዓመት የቆየች፣ እጇን አወጣችና «ሠላሳ ቀኑ የሚቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች። ስናነበው «ጥራቱ ተረጋግጦ ተቀባይነት ካገኘበት ቀን ጀምሮ» ይላል። «ጥራቱን የሚያረጋግጠው ማን ነው?» አለች። ራሱ ድርጅቱ። «በስንት ቀን ውስጥ ያረጋግጣል?» አልተጻፈም። እንግዲህ ሽሮው ተበልቶ አልቆ ክፍያው ገና መቆጠር ያልጀመረበት ውል ነው። አንቀጹ እንዲስተካከል ጠየቅን፤ ድርጅቱ አልፈለገም፤ እኛም ሳንፈርም ቀረን። ኋላ ሌላ ገዢ በተሻለ ውል ወሰደልን። ያቺ እህት የጠየቀችው የሕግ ጥያቄ አይደለም፤ ሕግ አልተማረችም። የንባብ ጥያቄ ነው። በንባብ ክበብ ውስጥ ልብ ወለድ እያነበብን «ይህን የሚተርከው ማን ነው? የማንን ወገን ይዞ ነው?» እያልን ስንጨቃጨቅ የነበረው ነገር ነው ሽሮ ላይ የሠራው።

ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ መጀመሪያ ከሚፈርሙት ወረቀት አንዱ የወጪ መጋራት ውል ነው፤ ተመርቀው ከደመወዛቸው የሚከፍሉት ዕዳ ማለት ነው። ስንቷ አንብባ ትፈርማለች? ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ እህቶቻችን በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈ ውል ላይ ይፈርማሉ። ይህን ሁሉ የሚፈታው የታሪክ ዲግሪ ነው አልልም፤ እንዲህ ብል ትስቁብኛላችሁ። ቁም ነገሩ፣ ማንበብና መጠየቅ የሚለመደው ጊዜ ተሰጥቶት ነው፤ በሙያ ሥልጠና መሐል በሚገኝ ትርፍ ሰዓት አይለመድም።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ላይ ልምጣ። ሥራስ? እውነቱን እንነጋገር፤ ታሪክ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ፍልስፍና የተማረ ልጅ የመጀመሪያውን ሥራ ለማግኘት ከነርሷ የበለጠ ሊቸገር ይችላል። ነርሷ ሰርተፊኬቷን ታሳያለች፤ ታሪክ የተማረችው ምን እንደምትችል ማስረዳት አለባት። ይህ እውነተኛ ልዩነት ነው፣ በተለይ ወንድም ወይም አባት «እኔ አለሁልሽ» የማይላት ልጅ ላይ ይከብዳል። ሀብታም ቤት ያለች ልጅ ሁለት ዓመት ሥራ ብትፈልግ ትበላለች። የእኛ ልጅ አትበላም። ስለዚህ ለአንዳንዶቻችሁ የሚታያችሁ ስጋት ለእኔም ይታየኛል።

መልሴ ግን ልጅቷን ከታሪክ ክፍል ማስወጣት አይደለም። ከታሪኩ ጋር እጇ ላይ የሚቆም ነገር እንድትይዝ ማገዝ ነው። ኮምፒውተር ትማር፤ እኛ ጋ ያለው ማሠልጠኛ ክረምት ክረምት ባዶ ነው። የሂሳብ መዝገብ መያዝ ትልመድ፤ የማኅበራችን ሒሳብ ሠራተኛ ረዳት አጣሁ እያሉ ሦስት ጊዜ ጽፈዋል። እንግሊዝኛዋን ታጠንክር። ከዚህ ጋር ታሪክ ያወቀች ልጅ በቤተ መዛግብት፣ በሙዚየም፣ በጋዜጠኝነት፣ በአስጎብኚነት፣ በመምህርነት፣ በእርዳታ ድርጅት፣ እንደ እኔም በብድርና ቁጠባ ቤት ልትሠራ ትችላለች። አካውንቲንግ ሳትወደው ገብታ ውጤቷ የወረደባት ልጅ ደግሞ ሥራ ማግኘቷን ማን ዋስ ይሆናታል? አሁን ከዩኒቨርሲቲ ለመውጣት የመውጫ ፈተና አለ፤ የማይወዱትን ትምህርት ተፈትኖ ማለፍ ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ነርሶቻችንና ስለ ሒሳብ ተማሪዎቻችን። ክርክሬ እነሱ ላይ እንዳይመስል። ሁለት ልጆቻችን ጤና ጣቢያ ይሠራሉ፤ አንዷ የነገረችኝ ነገር አለ። እናቶች «ምን ሆነሽ ነው?» ስትባሉ «ደህና ነኝ» ነው የምትሉት አለችኝ። ሕመማቸውን በወሬ ጠቅልለው ነው የሚያመጡት፤ ወሬውን የምትሰማ ነርስ ሕመሙን ታገኘዋለች፣ የማትሰማዋ ፓራሲታሞል ሰጥታ ትሸኛለች። ሰምና ወርቅ ቅኔ ቤት ብቻ አይደለም ያለው፤ ካርድ ክፍልም አለ። እነዚህ ልጆች የሰው ታሪክ እንዲያነቡ፣ እንዲጽፉ፣ በሰው ፊት ቆመው እንዲናገሩ የምናደርግበት ምንም ነገር በመመሪያችን ውስጥ የለም። ክፍያቸውን እንከፍላለን፣ ውጤታቸውን እናያለን፣ በቃ።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሦስት ሐሳብ ነው። «ቶሎ ሥራ የሚያስገኝ ሙያ» የሚለው ሐረግ ከመመሪያው ይውጣና ድጋፉ በልጅቷ ችግርና ትጋት ይወሰን። ማኅበራዊ ሳይንስና ሥነ ሰብ ለሚያጠኑት ከድጋፉ ጋር በየክረምቱ አንድ የእጅ ሙያ፣ ኮምፒውተር ወይም ሒሳብ አያያዝ፣ መማር ግዴታ ይሁን። ጤናና ሒሳብ ለሚያጠኑት ደግሞ የቅዳሜው የንባብ ክበብ ግዴታ ይሁን። ለዚህ አዲስ ገንዘብ አያስፈልግም። ክፍሉ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ መጽሐፍ ግን ያንሰናል፤ ከውጭ የምትደግፉን ወገኖች ዘንድሮ ዕቃ ስትልኩ ከልብስ በፊት መጽሐፍ ብትልኩልን ደስ ይለናል። የአማርኛ ልብ ወለድ፣ የሰዎች የሕይወት ታሪክ፣ የልጆች መጽሐፍም ቢሆን። ልብስ ሞልቶናል። ይህን ስል የማከማቻ ክፍሉ ኃላፊ እንደሚስማሙ አውቃለሁ፤ እነሆ ይስቃሉ።

መመሪያው ዛሬ ባይለወጥ እንኳ ጉባኤው አንድ ነገር እንዲወስን እጠይቃለሁ። የልጅቷ ድጋፍ ከጥር ጀምሮ የተቆረጠው ተደምሮ ይከፈላት። ሁለተኛው ሴሚስተር ሊያልቅ ስድስት ሳምንት ነው የቀረው፤ እናትየው የተበደሩት ገንዘብ ደግሞ ከእኔው መሥሪያ ቤት ስለሆነ መጠኑን አውቀዋለሁ። ትልቅ ገንዘብ አይደለም። ለእሳቸው ግን ትልቅ ነው።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ ሰብሳቢያችን ካርድ ማውጣት ጀምረዋል። ጥያቄ ያላችሁ፣ ተቃውሞም ያላችሁ፣ ከሻይ በኋላ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ብትናገሩ እመርጣለሁ።